ደም ሊያደርቁ የሄዱት ጓደኛሞች

አንዳርጋቸው ዓባይ ማዶ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ሲኖር፣ ጎረቤቶቹ ከአፉ የሰሙት «እንደምን አደራችሁ»ንና «ደህና እደሩ»ን ብቻ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደቅ ደሴት ተወልዶ፣ አባቱን ሐይቁ ወስዶበት፣ እናቱን በሽታ ነጥቆት፣ ገና በሃያ ዓመቱ አንድ ያረጀ ቤትና ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ መሬት ይዞ ብቻውን ቀረ። ለአንድ ሰው ብቻ እሳት ማንደድ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ማቡካት ያንገሸግሻል። ሁለት ዓመት ሞከረና የቤቱን በር በሽቦ ቋጥሮ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ። ከተማ ውስጥ ሰው ይበዛል፣ ከሚበዛው መካከል አንዱ የእኔ ይሆናል ብሎ ነበር። ሰውስ በዛ። የእሱ የሆነ ግን አልተገኘም። ሲመሽ መረቡን ይጥላል፣ ጎሕ ሲቀድ ያነሣል፣ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣውን ለነጋዴ አስረክቦ ይተኛል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነበር።

ሐይቁ ላይ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ይደበደባል። መረብ የሚጣልበትን ቦታ በወረቀት የሚያከፋፍል የለም። ጉልበት ያለው ይይዘዋል፣ ሌላው ይገፋል። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዎች አንዳርጋቸውን ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ደረሱበት። ቦታው የእኛ ነው አሉት። መልስ ሳይሰጥ መረቡን መሰብሰቡን ቀጠለ። የመጀመሪያው ጆሮ ግንዱን በመቅዘፊያ አለው። ሁለተኛው ማጅራቱን ጨምድዶ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፈቀው። ሦስተኛው ጀርባው ላይ ወጣበት። ጭቃና ደም እየዋጠ፣ እንዲህ ነው የምሞተው ብሎ አሰበ፤ የሚያለቅስልኝም የለ።

ድንገት ክብደቱ ከላዩ ተነሣ። ቀና ሲል አንድ የማያውቀው መለሎ ሰው፣ ዳር ላይ ለታንኳ የሚሆን ደንገል ሲያጭድ የነበረ፣ ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ የአንደኛውን ትከሻ በገዛ መቅዘፊያው ሰብሮታል። ሁለተኛውን ፀጉሩን ይዞ አፍንጫውን በጉልበቱ አለው፤ አጥንቱ ሲሰበር እስከ ዳር ተሰማ። ሦስተኛው እየዋኘ አመለጠ።

ሁለቱ ዳር ላይ ተቀምጠው ውኃ ሲያስመልሱ አንዳርጋቸው ለምን እንደገባለት ጠየቀው።

«ሦስት ለአንድ አልወድም» አለው ሰውየው። «ደግሞ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ያ የሸሸውም አያመልጠኝም ነበር። ውኃ ነው ያሰነፈኝ። ዋና አልችልም።»

«ዋና ሳትችል ነው እንዴ የገባኸው?»

«መጀመሪያ ገባሁ፣ ኋላ ትዝ አለኝ።»

አንዳርጋቸው በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሳቀ። ስንት ዓመቱ ነው ሳይስቅ? ሰውየው ስሙ ይትባረክ መሆኑን፣ ከቆላ ድባ በታች ካለ የደምቢያ ገጠር መምጣቱን፣ ቀን ደንገል እያጨደ ሲሸጥ ውሎ ያገኘበት እንደሚያድር ነገረው። ያን ዕለት ሁለቱ አብረው ወደ ዓባይ ማዶ ተሻገሩ። አከራዩዋ ከቆርቆሮው ክፍል ውስጥ የሰው ሳቅ ስትሰማ መጀመሪያ ሌባ የገባ መስሏት ነበር ይባላል።

ይትባረክ ወሬኛ ነበር። ገበሬ መሆኑን ለአንድ ሰዓት እንኳ አይረሳም። ደቅ ላይ ጾም የሚያድር መሬት እንዳለ የሰማ ቀን እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት መረብ ሲጠግኑም፣ ሽሮ ሲጠብቁም ወሬው ያው ነው፤ እሱ ያርሳል፣ አንዳርጋቸው ያጠምዳል። ከላይ በቆሎ፣ ከታች ሽንኩርት፣ ሐይቁ ዳር ማንጎ። ቤቱን አፍርሰው ሁለት ክፍል አድርገው ይሠሩታል።

«ሚስት ብናገባ እንኳ ግድግዳው አንድ ይሁን» ይለዋል ይትባረክ። «ስትታመም ግድግዳውን ትደበድባለህ፣ እኔ እመጣለሁ።»

«አንተ ብትታመምስ?»

«እኔማ እጮሃለሁ። ድምፅ አለኝ።»

አንዳርጋቸው በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ነገር ተመኝቶ አያውቅም። መሬቱ የራሱ ነው፤ የጎደለው ሰው ነበር፣ ሰውም ተገኘ። ታዲያ መቼ እንሂድ ባለ ቁጥር ይትባረክ ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሳል። ከዝናቡ በኋላ፣ ከጾሙ በኋላ ይላል። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል እየሄዱ ሳለ ይትባረክ ድንገት ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለና በሰው መካከል ሮጠ። አንዳርጋቸው ቤት ሲደርስ ከአልጋ ሥር ተኝቶ አገኘው። ያን ዕለት ሁሉንም ተናገረ። በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ምሥጋና የሚባል ጎረቤቱን በመጥረቢያ መትቶ ገድሎታል። የምሥጋና ወንድም ጌትነት ደሙን ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ ምሎ እየፈለገው ነው። ገበያ ውስጥ ያየው የጌትነትን ዘመድ ነበር።

«ደቅ ብገባ ደሴት ነው፣ መሸሻ የለውም» አለ ይትባረክ። «መጥተው ያርዱኛል፤ አንተንም አብረው። እኔ ቤት የሚሠራልኝ ሰው አይደለሁም፣ ወንድሜ። ወሬ ብቻ ነው የምችለው።»

አንዳርጋቸው ለሦስት ቀን ሥራ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ታንኳውን ይዞ ደቅ ሄደ። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ትውልዳቸው ከደምቢያ ነው፤ የገዳይና የሟችን ዘመዶች ያውቃሉ። ሽማግሌ ልከው ደሙን እንዲያደርቁለት እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ልጄ፣ አንተ ለሰውየው ምኑ ነህ?» አሉት።

«ጓደኛው ነኝ።»

«ሰው ለጓደኛ ብሎ በደም መካከል አይገባም።»

«ሌላ ሰው የለኝም፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ በትራቸውን አነሡ። ነገሩ ግን ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ጌትነት ከደጁ አባረረ። በሁለተኛው ጊዜ ከራሳቸው በላይ ጥይት ተኮሰ፤ አንዱ ሽማግሌ ሲወድቅ ክንዱ ተሰበረ። በሦስተኛው የሟች እናት ራሳቸው ወጡና፣ አንዱን ልጄን መሬት በላው፣ ሌላው ደግሞ በቁሙ እየተበላ ነው፣ ይብቃኝ አሉ። የእናት ቃል ስለሆነ ጌትነት አንገቱን ደፋ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ገዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» እያለ ከበሩ እስከ ሟች እናት ይሄዳል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሲዞሩ ድንጋዩ ይወርዳል። ማንም አያግዘውም፤ ከታገዘ ይቅርታው አይቆጠርም። ከሁለቱም ወገን ወደ ግቢው ብረት ይዞ የሚገባ የለም። ጠመንጃ፣ ጩቤ፣ ማጭድ ሳይቀር ውጭ ሾላው ሥር ይቀመጣል። ፍተሻ የለም። መፈተሽ እርቁን መጠራጠር ነውና ሁሉም በየራሱ ሕሊና ያስቀምጣል።

በዚያ ሰሞን የየብሱ መንገድ አይታመንም ነበርና አንዳርጋቸው የሞተር ጀልባ ተውሶ ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። ይትባረክ መሐል ላይ ተቀምጦ የጀልባዋን ሁለት ጎን በእጁ ጨብጦ እስከ ቀኑ አምስት ሰዓት አልለቀቀም። የደምቢያ ዳርቻ ሲቃረቡ ውኃው በእንቦጭ ተሸፍኖ እንደ መስክ አረንጓዴ ሆኗል። ሥሩ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመና ጀልባዋ ቀጥ አለች። አንዳርጋቸው ዓሣ የሚያርድበትን ቢላዋ ከወገቡ መዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ቆራረጠ፣ ሞተሩን አስነሣ። ቢላዋውን ጠረግ አድርጎ ወደ ወገቡ መለሰና ጋቢውን ከላይ ደረበ።

ሾላው ሥር ሲደርሱ ይትባረክ ኪሱን ገልብጦ አሳየ። አንዳርጋቸውም በትሩን አስቀመጠ። ቢላዋው ትዝ አላለውም። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከወገቡ ተለይቶት አያውቅም። ለእሱ ብረት ማለት ጠመንጃ ነው፣ ጩቤ ነው። ቢላዋማ እንደ ጣቱ ነው፤ ጣቱን ደግሞ ማን ቆጥሮ ውጭ ያስቀምጣል?

ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ከሟች እናት ጎን፣ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አድርገው ቆመዋል። ድንጋዩን ሁለት ሰዎች አንሥተው ይትባረክ ማጅራት ላይ ጫኑት። መዳህ ጀመረ። «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ።» ጠጠሩ ጉልበቱን እየላጠው የሄደበት መንገድ በደም ተሰመረ። ጌትነት ከእናቱ አጠገብ፣ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ሁለተኛ ጊዜ «ማሩኝ» ሲል የሟች እናት ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። ለመዞር እጃቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው የይትባረክ ክንድ ከዳው። በፊቱ ተደፋ። ድንጋዩ ከማጅራቱ ወደ አንገቱ ተንሸራቶ አፉንና አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀበረው። እግሩ ተፈራገጠ። ሽማግሌዎቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ራሱ ይነሣ ዘንድ ይጠብቃሉ። አንዳርጋቸው ከአጥሩ ጥግ ሆኖ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረና አልቻለም። ሮጦ ሄዶ ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን ገፍቶ ጣለለት። ጋቢው ከትከሻው ወረደ። ቢላዋው ከነእጀታው ፀሐይ ላይ ወጣ።

«ብረት ይዘዋል» አለ ጌትነት። ጮኾ አልነበረም የተናገረው፤ እንደገረመው ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሦስት ትንፋሽ አለቀ። ጌትነት ዘሎ መጣ፣ የወደቀውን ድንጋይ በሁለት እጁ ከፍ አደረገና አፈሩን ከአፉ እየተፋ ቀና ሲል የነበረው ይትባረክ ራስ ላይ አወረደው። ደገመው። ሦስተኛውን ሲያወርድ የሚመታ ራስ አልቀረም። አንዳርጋቸው እጁን ወደ ወገቡ ሲልክ ቢላዋው የለም፤ ከጌትነት ወገን አንዱ ነጥቆት ሄዷል። በቡጢ፣ በእርግጫ፣ ከመሬት ባነሡት ድንጋይ ወረዱበት። መንጋጋው ሲሰበር፣ የጎን አጥንቱ ሲሰነጠቅ እሱ የጓደኛውን እጅ ፈልጎ ይዞ ነበር። መሪጌታ ካባቸውን እንደለበሱ ላዩ ላይ ባይወድቁ ያን ዕለት ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር። የምሥጋና እናት እንዳልዞሩ ቀሩ።

ጌትነት በፖሊስ ተያዘ። አንዳርጋቸው ዓባይ ማዶ ተመልሶ ተኛ፤ አከራዩዋ አጥሚት እያፈላች በጭልፋ ታጠጣው ነበር። በሠላሳኛው ቀን ግድም አንድ ሽበታም ሰው ቅቤና ማር ይዘው መጡ። የይትባረክ አጎት ዓምደ ሚካኤል ነበሩ። «የልጃችን ወንድም» ብለው ጉንጩን ሳሙት። ከዚያ በፊት ወንድም ብሎ የጠራው ይትባረክ ብቻ ነው።

አጎትየው ረጋ ብለው የመጡበትን ተናገሩ። የጌትነት ሰዎች አንድ ቢላዋ እያሳዩ፣ እርቁን ያፈረሱት እነይትባረክ ናቸው ይላሉ። ቢላዋ ደግሞ ከየትም ቤት አይጠፋም፣ ከራሳቸው ጓዳ ያመጡት ነው አሉ አጎትየው። አርባው ሲወጣ አንዳርጋቸው በሕዝብ ፊት ቆሞ ብረት አልያዝንም ካለ፣ ተዝካሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ምስክር ይሆናል። ከዚያ ደሙን ለመመለስ የሚከለክላቸው ሽማግሌ የለም። ጌትነት እስር ቤት ስላለ ደሙን የሚከፍል አስተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሙ አለ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገዱን ያውቁታል።

«አንተ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የእኛ ነህ» አሉት። «የይትባረክ ቤት የአንተ ነው። እናርስልሃለን፣ እንድርሃለን። ስትሞት ብቻህን አትቀበርም።»

አንዳርጋቸው ዐሥር ቀን አሰበ። ሲተኛም ሲነሣም ያ ቤት ይታየዋል። ሰው የሞላበት ቤት፣ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል ያለበት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ እሱም እንኳ የጓደኛውን ስም የሚያነሣ ቃል። ደግሞስ እውነቱን ቢናገር ይትባረክ አይነሣ። ግን አስተማሪው በዓይኑ ይመጣበታል፤ አይቶት የማያውቀው ሰው፣ ደብተር በብብቱ ይዞ፣ መንገድ ላይ።

በአርባው ቀን ያንኑ ጀልባ ተውሶ ብቻውን ደምቢያ ሄደ። ዳሱ ሞልቷል። ከአጎትየው ቀኝ አስቀመጡት፤ የይትባረክ እህት አገርነሽ በገዛ እጇ አጎረሰችው፣ በእንባ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበላ ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የዓይን ምስክሩ ይኸውና፣ ከአፉ ስሙ አሉ።

አንዳርጋቸው ቆመ። መንጋጋው በደንብ ስላልጠና ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ተናገረ።

«ቢላዋው የእኔ ነው። እንቦጭ ቆርጬበት ወገቤ ላይ መለስሁት፣ ረሳሁት። ማንም ከቤቱ አላመጣውም። ይትባረክ አላወቀም፣ እሱ የገባው ባዶ እጁን ነው። አስተማሪው ምንም አላደረገም። ለይትባረክ ደም የምትፈልጉት ሰው ካለ፣ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የመታችው አገርነሽ ናት። በእጇ የነበረውን ጣሳ ፊቱ ላይ ከሰከሰችው፤ ቅንድቡ ተተረተረ። ከዚያ ወንዶቹ ተነሡ። ከዳሱ ጎትተው አወጡት፣ ገና ያልጠናውን ጎኑን በጫማ ረገጡት። አጎትየው ቀኝ እጁን መሬት ላይ አስረገጡና በሰደፍ ሰባበሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጣት በጣት። አልጮኸም። አፈሙዙ ወደ ግንባሩ ሲዞር ግን ሽማግሌዎቹ ገቡበት። ራሱን ያቀረበን ሰው በተዝካር ቀን ገድላችሁ ነገ ማን እርቅ ይሰጣችኋል አሉ። እውነቱ በሕዝብ ፊት ወጥቷል፤ ከእንግዲህ አስተማሪውን የሚነካ፣ ደሙ በራሱ ላይ ነው። ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃውን አወረዱ። አንዳርጋቸውን ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት፤ የበላበትንም ሰሐን አብረው ጣሉት።

እስከ ሐይቁ ድረስ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጉልበቱ ሄደ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዘንብላ ነበር። የተሰበረውን እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ሳለ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ሊጨርሱኝ መጡ ብሎ ሳይዞር ጠበቀ።

አገርነሽ ነበረች፣ ብቻዋን። አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ ላይ የእሱ ደም አለ።

«ሦስት ዓመት ከአንተ ጋር ኖረ» አለች። «እኛ ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ በሕይወት መኖሩንም አናውቅም ነበር። ምን ይበላ ነበር?»

አንዳርጋቸው ያልጠበቀው ጥያቄ ሆነበት። ደሙን ተፋ።

«ዓሣ አይበላም ነበር» አለ። «ከዓሣ አጥማጅ ጋር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰም፤ ይሸተኛል ይላል። ሽሮ ነው የሚሠራው። እሱንም ያሳርረዋል።»

«ወሬ ሲጀምር ድስቱን ይረሳል» አለች አገርነሽ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻለም። «ቤትም እንዲሁ ነበር። እናታችን ድስት ተሸክማ ታሳድደው ነበር። ቀጥል።»

ቀጠለ። በተሰበረ መንጋጋ፣ በሕይወቱ ካወራው ሁሉ የበለጠ አወራ። ይትባረክ በእንቅልፉ በሬዎቹን በስማቸው እንደሚጠራ ነገራት። ለአከራዩዋ ዶሮ ስም አውጥቶላት፣ ለፋሲካ ስትታረድ ከቤት ወጥቶ እንደዋለ ነገራት። የበሬዎቹን ስም ስትጠይቀው ሁለቱንም ጠራላት፤ አንደኛውን ስታርመው እሺ አለ። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ወርዳ እንቦጩ ሲጠቁር አገርነሽ ተነሣች፣ ጀልባውን ገፍታ ከዳሩ አላቀቀችለት። በአንድ እጁ እንደማይችል አይታ ነው።

«ይቅር አላልሁህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቆላ ድባ እህል ተራ ነኝ። አጎቴ ገበያ አይወጣም።»

ሌላ ነገር ሳትጨምር ሽቅብ ወደ መንደሩ መንገድ ጀመረች። አንዳርጋቸው የሞተሩን ገመድ በግራ እጁ ያዘ። በአራተኛው ሙከራ ተነሣለት።